የእትዬ ብርቄ ጣት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 8 ሰ.

ዛሬም ኮምፒውተር ልጠግን እትዬ ብርቄ ቢሮ ነኝ፣ ደብተሬ። መዝገብ ቤቱን ስንት ዘመን የያዙ ሴት ናቸው። ጣታቸውን ሲያስነኩ ኮምፒውተሩ ይከፈታል። ኢሜይሉም ይሠራል፤ እሱ ውጭ፣ በኢንተርኔት ክላውድ ላይ ነው። የመዝገቡ ሰርቨር፣ ዋናው ማሽን፣ ግን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው፤ እሱ አላውቅዎትም ይላል። ይለፍ ቃል ካስቀረን ወዲህ ሌላ መግቢያ የለም። የሌላው ሰው ሁሉ ጣት ይሠራል። የእሳቸው ብቻ እምቢ።

አሻራቸውን አጥፍቼ እንደገና መዘገብሁ። እምቢ። ምሳ አልበላሁም። አልራበኝም።

ማክሰኞ፣ 5

አምስተኛ ምዝገባ። እምቢ። እትዬ ብርቄ ጣታቸውን በሎሚ አሽተው፣ ቫዝሊን ቀብተው መጡ። የልብስ አጠባ ነው አሻራዬን የበላው አሉ። የሳቅሁ መሰለኝ።

ሰው ሁሉ የእናትህን ነፍስ ይማር ይለኛል። አሜን እላለሁ። ከቀበርኋት አሥራ ሁለት ቀኔ። እስካሁን አላለቀስሁም። ደርቄ ቀረሁ።

ሐሙስ፣ 7

ኃላፊው ጠርቶ ችግሩ ማሽኑ ነው ወይስ ሴትዮዋ ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑ ደህና ነው አልሁ። ደክሞኝ ነበር። ከሰዓት የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት። አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ምን ነክቶኛል?

ዓርብ፣ 8። ከጠዋቱ 4 ሰ.

የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ 3፡10። የኮምፒውተራቸውን ጥግ አየሁ፤ 3፡10። ልክ ነው ብዬ ላልፍ ስል ስልኬ በራ፤ 9፡10። ስልኬ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ሰርቨሩም በፈረንጅ ነው። የሚገባው ኮምፒውተር ሰዓት ከእሱ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ ማንንም አያምንም። እዚህ ስድስት ሰዓት ተለያይቷል! ማን ሞላው? እኔ። ከለቅሶ የተመለስሁ ቀን የኮምፒውተራቸውን የሰዓት ባትሪ ቀይሬ፣ የእጅ ሰዓቴን አይቼ ሞላሁት። ራሱን ወደ 9 ሲመልስ ተበላሸ ብዬ በራሱ የሚያስተካክልበትን ዘጋሁበት። የማነው ጅል!

አስተካከልሁ። ጣታቸውን አስነኩ። ተከፈተ። ጣታቸውን ሳሙ፣ ከዚያ እኔን። ጣቴን አዳንህልኝ፣ የእናትህን ነፍስ በገነት ያኑርልህ አሉኝ። አሜን ማለት አቃተኝ።

ዓርብ፣ 10 ሰ.

ኃላፊው ጎበዝ አለኝ። ዝውውሩ ግን አልተሰረዘም፤ አንዴ ተፈርሟል፣ ደግሞም ነገ ጣታቸው ተመልሶ እምቢ ቢልስ ይላል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። አፈርሁ፣ ደብተሬ። ከጀርባሽ አንድ ቅጠል ቀደድሁ፤ ጥፋቱ የወ/ሮ ብርቄ ጣት አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው ብዬ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ቀድሜ ግን ለእሳቸው እነግራለሁ። ቤታቸው ግሽ አባይ ሰፈር ነው፣ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። እማ ብትኖር መጀመሪያ ለእሷ ነበር የምነግራት። ምን እንደምትለኝም አውቃለሁ፤ ተነሥ ልጄ፣ ሳይመሽ ሂድ።