ስሜ ከሙታን ጋር የተጠራበት ሳምንት

ሰኞ፣ መስከረም 19

ትናንት የራሴን ተዝካር በላሁ።

ጥሩ ተዝካር ነበር። በጉ ወፍራም ነው። ጠላው ግን ትንሽ ቆምጥጧል። ካህናቱ በመሃላቸው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ነጠላዬን ፊቴ ላይ እንዳወርደው ነገሩኝ። ጸሎቱ ሲያልቅ ነጠላውን ማን እንደሚገልጥልኝ አላወቅኩም። ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ራሴ ገልጬ ሳይ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምግቡ አዙሯል።

ሲወጡ ተራ በተራ "ነፍስ ይማር" አሉኝ። "አሜን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ለምን እንዳደረግኩት ልጻፈው። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ልጅ የለኝም። ባለቤቴ አያሌው ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ቅዳሜ ቢቸናን ለቅቄ ሞጣ ልኖር ነው፣ ዘይነባ ዘንድ። በወጣትነታችን አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። ኋላ እሷ ማስተማሩን ትታ የአባቷን የጨርቅ ሱቅ ያዘች። አሁን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። "ባንኮኒው ጋ ተቀመጪልኝ" አለችኝ፤ "ባትሸጪም እንጨቃጨቃለን።" ዘይነባ ሙስሊም ናት። እዚያ ብሞት ቄስ ስትፈልግ፣ ጠላ ጠማቂ ስትለምን ታየችኝ። ስለዚህ ተዝካሬን በቁሜ አወጣሁት። ልጅ የሌለው ሰው በእኛ አገር እንዲህ ያደርጋል። አክስቴም አድርጋዋለች። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖረች ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

እስከ ቅዳሜ የሚሠራ፦
የአያሌውን ካፖርት ለገበሬው ለዳኘው መስጠት።
የመነጽሬን እግር ማስጠገን።
ቁልፎቹን ለትዕግሥት ማሳየት። የጓዳው ቁልፍ ወደ ግራ ነው የሚዞረው።
ጎረቤቴን አስካለን መሰናበት። (ካስፈለገ።)

የአስካለ ውሻ ዛሬ አልጮኸብኝም። ዘጠኝ ዓመት በጮኸብኝ አጥር ሥር ተኝቶ ሳልፍ ዝም ብሎ አየኝ።


ማክሰኞ

ትዕግሥት የወንድሜ ልጅ ናት። ከእኔ በኋላ ቤቱን ልትይዝ ከሉማሜ መጥታለች። ጎበዝ ናት፤ እጇ አያርፍም። ዛሬ ከአስካለ ጋር ሳሎን መሃል ቆማ ታወራለች።

"አልጋውን ወደ መስኮቱ ላዞረው ነው። አክስቴ ብርሃን አትወድም ነበር።"

ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ከእነሱ ሁለት ክንድ አልርቅም።

"አሁንም አልወድም" አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። አስካለ እጇን ወደ ማተቧ ሰደደች። ትዕግሥት ቆይታ ሳቀች። "ውይ አክስቴ! አፌ ነው እኮ።"

ሌላው ነገር ፎቶው ነው። ትዕግሥት ለተዝካሩ ብላ የሠላሳ ዓመት ወጣት ሳለሁ የተነሣሁትን አስተልቃ፣ የፕላስቲክ አበባ አድርጋበት ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ፀጉሬ ጥቁር ነው። ወደ ካሜራው አላይም፤ ከጎኔ ያለውን ነገር ነው የማየው። ምን እንደነበረ አላስታውስም። ትናንት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ጠዋት ስነሣ ወደ እኔ ዞሯል። መልሼ አዞርኩት። ከምሳ በኋላ እንደገና ዞሯል።

"አንቺ ነሽ?" አልኳት ትዕግሥትን።

"ሰው ይታዘበናል አክስቴ። አርባው እስኪወጣ ይቀመጥ።"

"የማን አርባ?"

ድስቱ አረረ ብላ ገባች። የሚሸት ነገር አልነበረም።


ረቡዕ፣ የማርያም ዕለት

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ የሚታሰቡትን ሙታን ስም ከደብተሩ ያነባሉ። የአያሌው ስም ሲጠራ መስገድ ልማዴ ነው።

ገብረ ጊዮርጊስ አሉ። አያሌው ነው። ሰገድኩ።

ወለተ ሐና አሉ።

ወለተ ሐና እኔ ነኝ።

ሌላ ወለተ ሐና ትኖራለች ብዬ አሰብኩ። ግን ከአያሌው ቀጥሎ ማን ሊያስጽፋት ይችላል? ለተዝካሩ ስሜን ሲጠይቁኝ ለጸሎት ነው ብዬ ሰጥቻለሁ። የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ አልጠየቅኩም። የተዝካር ስም የሚጻፈው አንድ ቦታ ነው፤ እሳቸውም እዚያው ጻፉት።

አስካለ አጠገቤ ነበረች። እንደ ልማድ "ነፍስ ይማር" አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ትንሽ ፈቀቅ አለች። ከጎኔ አንድ ሰው የሚያስቆም ባዶ ቦታ ቀረ። ሰዉ ሲወጣ እየተጋፋ እንኳ በዚያ ቦታ የገባ የለም።

መሪጌታን ላነጋግራቸው ፈልጌ ነበር። ወዲያው ሄደዋል። እውነቱን ለመጻፍ፣ ብዙም አልፈለግኳቸውም። ስሜ ሲጠራ አልደነገጥኩም። ከአያሌው ጎን ሲጠራ ትክክለኛ ቦታው መሰለኝ።

ካፖርቱን ለዳኘው ሰጠሁ። መነጽሩ አልተሠራም።


ሐሙስ

እንግዳ መጣች። ከደብረ ኤልያስ ነው የመጣችው። ሁለት መኪና ቀይራለች። አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ በፌስታል የባቄላ እሸት ይዛለች። ገና ከበሩ ሳትገባ ፎቶውን አይታ ማልቀስ ጀመረች።

"ቲቸር! የኔ ቲቸር! ሳላይሽ!"

ትዕግሥት ገበያ ናት። ብቻዬን ነኝ። "ተይ፣ ተረጋጊ፣ ተቀመጪ" አልኳት። ተቀመጠችና ዐይኗን ጠረገች። ነጭ ፀጉሬን አየች። ፎቶውን አየች።

"እርስዎ ታላቅ እህቷ ነዎት?"

"አዎ" አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። መንገዱን ሁሉ ያለቀሰችበትን ለቅሶ መቀማት ከበደኝ ይሆናል። ወይም ልሰማ ፈለግኩ።

ስሟ ጥሩዓለም ነው። አራተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። እኔ አላስታወስኳትም።

"ክፉ ነበረች" አለች። "እውነቱን ልንገርዎት፣ በአለንጋ ነው ያሳደገችን። ጣቴን ያዩታል? ይኼ የሷ ነው።" ጣቷ ትንሽ ጠመም ብሏል። "ግን አንድ ቀን አርፍጄ በጓሮ በኩል ስገባ አጥሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታወዛውዛለች። እሸት እየፈለፈለች ትበላለች። ብቻዋን ትስቃለች። እኔን አየችኝ። መምታቱን ትታ ከእሸቱ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ሁሌ የማያት እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው እሸት ያመጣሁት። ለማን እንደምሰጠው ግን አላሰብኩበትም።"

"ለእኔ ስጪኝ" አልኩ።

ስትወጣ ጉልበቴን ሳመች። "በጣም ትመሳሰላላችሁ" አለች። "እሷ ግን ትስቅ ነበር።"

አጥሩን አላስታውሰውም። ጣቷንም። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቁጭ ብዬ ባስብ አልመጣልኝም። የሌላ ሴት ታሪክ ነው የሚመስለው፤ እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበረች ሴት።

ፌስታሉን ሳልፈታ ጥግ አኖርኩት።


ዓርብ

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ጾም ብዬ አይደለም። አልራበኝም። ትዕግሥት ብይ አላለችኝም። ማዕዱን የምታቀርበው ለራሷ ነው። ተንኮል የላትም። ረስታ ነው።

ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው ይገባል፤ ይወጣል። የሚጠይቀኝ የለም። የምመልሰው የለም። ሻንጣው ግማሽ ተከቶ ክፍቱን ነው። ደስ ይላል። ልብሱን ማጠፍ እንኳ ሩቅ አገር ሆነብኝ። ይኼን ሳነበው ግን ያስፈራኛል፤ ደስ ይላል ብዬ የጻፍኩት።

አስካለ ለትዕግሥት ወንፊት ልትመልስ መጣች። ያዝኳት።

"አክስቴን ታስታውሻታለሽ? የቁም ተዝካር ያወጣችውን?"

"እንዴት አላስታውስ።"

"ከዚያ ወዲያ ስንት ዘመን ኖረች?"

ወደ በሩ አየች። "ምን ኖረች ይባላል እትዬ የሺ። ከመደቡ አልተነሣችም። አልታመመችም እኮ። በቃ ተቀመጠች። በዚያው ዓመት ለዐቢይ ጾም መያዣ ቀበርናት።" ወንፊቱን ትታ ወጣች።

እኔ ወደ ራሳችን መደብ አየሁ። ትዕግሥት አዲስ ምንጣፍ አንጥፋበታለች።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ለመነሣት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

"አሎ! ማነው የሷን ስልክ የያዘው?"

"እኔ ነኝ ዘይነባ።"

"እኔ ማን?"

"የሺ።"

የሱቋ ሬዲዮ ይሰማል።

"የቢቸናው መኪና ሾፌር የየሺወርቅ ተዝካር ላይ ሥጋ በላሁ አለኝ። ስልክሽ እስካሁን አልሠራ አለ። ሁለት ቀን አለቀስኩ። የሺ ከሆንሽ፣ ከዳይሬክተሩ ቢሮ የሰረቅነው ምን ነበር?"

"ደወሉን።"

"የት ደበቅነው?"

"እናትሽ የጤፍ ማድጋ ውስጥ። ጤፍ ሊቀዱ እጃቸውን ሲሰዱ ጮኸባቸው።"

"አንቺ የማትረቢ!" ብላ ለቅሶዋን እንደ አዲስ ጀመረች። "ሰው ድግስ ደግሶ እኔን ሳይጠራ?"

"የክርስቲያን ሥጋ ነው። አትበይም።"

"ልጠራ አልኩ እንጂ ልብላ አልኩ?"

ሳቅኩ። ድምፁ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ተሰማኝ። ትዕግሥት ከጓዳ ብቅ ብላ ማን እንደመጣ አየች።

"ስሚ" አለች ዘይነባ። "ነገ መኪና አለ። ከነገ ወዲያ መንገዱ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም። ነገ ካልመጣሽ ሞታለች ብዬ ወንበሩን ለእህቴ ልጅ እሰጠዋለሁ። እሷ አትሰድበኝም፤ ግን ምን ላድርግ።"

ስልኩን ዘግቼ ፌስታሉን ፈታሁ። ግማሹን በቁሜ ፈልፍዬ በላሁት። እጄ አረንጓዴ ሆነ።


ቅዳሜ

ደብረ ወርቅ ነን። መኪናው ለፍተሻ ቆሟል። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ረዳቱ ስንት እንደሆንን ቆጠረ። በጣቱ እየነካ ወደ ኋላ መጣ፣ እኔን ዘሎ ከጎኔ ያለውን ሰውዬ ነካ። "አሥራ ሦስት" ብሎ ለሾፌሩ ጮኸ።

ሰኞ ቢሆን ዝም እል ነበር።

"እኔስ ዕቃ ነኝ?" አልኩት።

"ይቅርታ እማማ፣ አላየሁዎትም።"

"አሁን አየኸኝ። ቁጠረኝ።"

"አሥራ አራት!" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ከሰውዬው ጋር እሸቱን እየበላን ነው።

ጠዋት እንዴት እንደወጣሁ ልጻፍ። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ፍሬሙን ለትዕግሥት ተውኩላት። "አርባውስ?" አለች። "የራስሽን ፎቶ አድርጊበት" አልኳት። ከዚያ አቀፈችኝ፤ እጇ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ደንገጥ አለች፣ ቀዝቃዛ ነገር እንደጠበቀ ሰው። የአስካለ ውሻ ሻንጣውን አይቶ እስከ መንገዱ እየጮኸ ተከተለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መኪናው እስኪሞላ ጊዜ ነበረኝ። ስሜን ከሙታን መካከል ላስወጣ መሪጌታ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ግንባራቸውን አሹ።

"የኔ ጥፋት ነው እትዬ የሺ። ተዝካር ሲሉኝ እጄ ለምዶ እዚያ ጻፈ።"

ደብተሩን አወጡ። እያንዳንዱን ገጽ በምራቅ እያነሡ ገለጡ። አገኙት። ገብረ ጊዮርጊስ፤ ከሥሩ ተጣብቆ ወለተ ሐና። መስመሩ ጠባብ ነው። ወረቀቱ ስስ ነው።

"ልሰርዘው እችላለሁ" አሉ። "ብቻ ቀለሙ ይሰምጣል። የባለቤትዎንም ስም ሳይነካ አይቀር።"

ሁለቱን ስሞች አየኋቸው።

"ቆዩ፣ በማስመሪያ ተጠንቅቄ ልሞክር" ብለው ሊፈልጉ ወደ ውስጥ ገቡ። መሳቢያ ሲከፍቱ ይሰማኛል። አንዱን ዘጉ፤ ሌላ ከፈቱ። ከአስፋልቱ በኩል የመኪናው ክላክስ ጮኸ።

"አገኘሁት! የት ሄዱ?" ሲሉ ሰምቻለሁ። ሻንጣዬን ይዤ በሩን አልፌያለሁ።