በጋቢህ መቃብር ላይ የበቀለው አበባ

ይድረስ ለልጄ ለያረጋል፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ።

የቆላ ንዳድ አይድፈርህ፣ የሰው አገር ሰው ይውደድህ። እኛ ደኅና ነን፤ ጣሊያንም እስካሁን ከመተማ አልወጣም።

መቼም ሞተሃል የሚል መርዶ መስማታችንን ታውቃለህ። አባትህ «ሬሳው ባይመጣ ልብሱ ይቀበር» ብለው ጋቢህን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስቀበሩት። ያን እሳት የበላውን፣ ጫፉን በቀይ ክር የጣፍሁልህን ጋቢ። በሕይወት መኖርህን ያወቅነው ነጋዴው ሷሊህ የላክኸውን የአበባ ዘር ይዞ ሲመጣ ነው።

ብርድ ሲገባ አፈር አልብሰሽ ዝሪው ብለህ ነበር። እኔ ሞኟ እንደ ሰሊጥ መስሎኝ በሰኔ፣ ሐሩሩ ገና ሳይበርድ፣ ላዩን በተንሁት። ጉንዳን እየተሸከመ ወሰደው፤ ከደጄ አንድም አልበቀለ።

ኅዳር ላይ ግን በጋቢህ መቃብር ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ ሰማያዊ አበባ ወጣ። አባትህ «በቁሙ ላለ ሰው መቃብር አይተውለትም» ብለው አስቆፈሩት። ጋቢው የለም። ምስጥ በልቶት ነው አሉ፤ እኔም እሺ አልሁ። ጉድጓዱ ግን እስካሁን ክፍቱን ነው፤ የሚደፍነው ሰው ጠፋ።

ትናንት ሷሊህ ተመልሶ መጣ። «ልጅዎ ደኅና ነው፤ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይለዋል እንጂ። ጫፉ በቀይ ክር የተጣፈ ጋቢ ከላዩ አይለይም» አለኝ።

እመቤቴ ማርያም በጥላዋ ትከልልህ፣ ዓይንህን ለማየት ታብቃኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ያን ጋቢ ከየት አገኘኸው አልልህም። አውልቅና በሷሊህ እጅ ላክልኝ። እኔ እለብሰዋለሁ፤ ጉድጓዱም ክፍቱን አይቀርም።

እናትህ አሰበች