ፍሬኑ መጮህ አቆመ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? የሚያይሽ ዓይን ሁሉ በደግ ይይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ተይው፣ አመሉ ነው።

አሮጌው ሞተር ሳይክልሽ ቆሞ እንዳይቀር መካኒክ ጠራሁ። በሽታውን ልየው ብሎ እየነዳው ሰፈሩን ዞሮ መጣ። በር ላይ ፍሬን ሲይዝ ያ አንቺ ስትገቢ የማውቀው ጩኸት ተሰማ፤ እኔ ሞኟ የያዝኩትን ጥዬ "መጣሽ?" እያልኩ ወጣሁ። አፈርኩ።

የፊት ጎማውን ከሚያነጥረው ሾክ የሚፈሰው ዘይት የፍሬኑን ሸራ አበላሽቶት ኖሯል። ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒም ሸራውንም ቀየረና፣ "ከእንግዲህ ጩኸቱ አይረብሽዎትም፣ እማማ" አለኝ። አመሰገንኩት።

ፈጣሪ ክፉ አያሳይሽ፤ በሰላም ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ መጥተሽ ስትነጂው፣ በር ላይ ስትደርሺ ክላክስ አድርጊልኝ። ፍሬኑ ከእንግዲህ አይነግረኝም።

እናትሽ