የድር ተራው ትምህርት

ሰኞ፣ መስከረም 5 ቀን 1990

የጠዋቱ ቆጠራ፦ የኮሚቴ አባል ሦስት፣ ወንበር ሁለት፣ ሻይ ሦስት፣ ዕቅድ ምንም። ሲስተር አልማዝ ከጤና ጣቢያው፣ ዘንድሮ የተመደበው የጤና ትምህርት ባለሙያ ተስፋዬ፣ ድር ነጋዴዋ እኔ። ቀበሌው «ሸማኔ የሚያውቅ ሰው ይኑርበት» ብሎ ነው ያስገባኝ።

ችግሩ ግልጽ ነው። ለመስቀል ሸማኔዎቹ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ ጨንቻና ዶርዜ ይመጣሉ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፈራል። ከዚያ ተመልሰው ይሄዳሉ። ስለ ኤድስ የምንናገረው ነገር ከመስቀል በፊት ካልደረሰ ለከርሞ ነው። የእህቴ ልጅ ዳዊትም ከሚመጡት አንዱ ነው። ዘንድሮ ሊያገባ ነው።

ተስፋዬ «መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ብናነጋግርስ?» አለ።

«ነገ የጨንቻ ገበያ ነው። ሰው በራሱ ጊዜ ተሰብስቦልሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

ሳሙና ከሚያስተዋውቁት ልጆች ድምፅ ማጉያ ተዋስኩ። በራሴ ኮራሁ።

ማክሰኞ

ጨንቻ። ጉም፣ ብርድ፣ ደህና ገበያ፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ።

ከገበያው አጠገብ ዱቡሻው አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የአገሩን ጉዳይ የሚነጋገሩበት ሜዳ። ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ድምፅ ይደርሳል ብዬ ተስፋዬን እዚያ አቆምኩት። ገና «ወገኖቼ፣ ኤድስ…» ከማለቱ ገበያው ጸጥ አለ። ሰው ጆሮ የሰጠው መስሎኝ ደስ አለኝ። ቀና ስል ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይናገሩ እየሄዱ ነው።

ዱቡሻ ላይ መጀመሪያ ይመረቃል። ከዚያ ተቀምጦ በየተራ ነው የሚወራው። ሳይመረቅ ቆሞ የሚጮህ ሰው ጠብ ያመጣ ሰው ነው። ተስፋዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ ከየት ያውቃል? እኔ ግን እዚሁ ጨንቻ ነው የተወለድኩት። ቆላ ወዳለው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ወርጄ ስነግድ ሁሉንም ቦታ ገበያ አድርጌ ማየት ለመድኩ።

ከዚያ በኋላ ድር የሚገዛኝ ጠፋ። ጋሽ ማዳ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፣ የዘወትር ደንበኛዬም። በፊቴ አልፈው ከጎኔ ካለችው ገዙ። ያውም ያን የሚበጣጠስ ድሯን!

ረቡዕ

ሲስተር አልማዝ ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሳሙና መሰለሽ እንዴ?»

«ሳሙናም ቢሆን በዚህ አያያዝ አይሸጥም» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ እምቢ ካሉ፦ ትምህርቱ ይቀራል። ደንበኞቼ ይሄዳሉ። ዳዊትና ጓደኞቹ መጥተው፣ ጨፍረው፣ ምንም ሳይሰሙ ይመለሳሉ። ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ተስፋዬ ማኅተም ያለው የይቅርታ ደብዳቤ እንጻፍ አለ። በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው እርጥብ ሣር ተይዞ ነው አልኩት። «ስንት ሣር?» አለኝ። ይህን ልጅ እየወደድኩት ነው።

ሐሙስ

ጋሽ ማዳ ደጅ ሣር ይዘን ተንበረከክን። በሌሊቱ ዝናብ መሬቱ ጭቃ ነው፤ የተስፋዬ አዲስ ሱሪ አለቀለት። ጋሽ ማዳ ወጥተው አዩን። ከዚያ፦

«ያ የሚጮኸው ነገር የት አለ?»

«ቤት ነው፣ ጋሽ ማዳ።»

«ደግ። እዚያው ይክረም።» ሣሩን ተቀበሉን። ተነፈስኩ።

ከውስጥ አስቀመጡን። ተስፋዬ ቀስ ብሎ ሲያወራ እንዴት ያምርበታል! በምን እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደማይተላለፍ ነገራቸው። ጋሽ ማዳ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የታመመ ሰው እግሩን ከትቶ በሸመነበት ጉድጓድ ሌላ ሰው ቢሠራስ?»

«ምንም አይሆንም፣ አባቴ። አብሮ መብላትም፣ አብሮ መሥራትም አያስይዝም።»

አምና አንድ ጎረቤታቸው ታሞ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ነበር። ሰው ሸሸው፤ እቃውንም የነካ የለም። ጉድጓዱ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ጋሽ ማዳ «እንግዲያ ይህ መነገር አለበት» አሉ።

ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር መክረው ከሰዓት በኋላ መልሱን ነገሩን። ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ ዱቡሻ ላይ ከምርቃቱ በኋላ ተስፋዬ ይናገራል። ተቀምጦ። «እሱ ግን ለወንዶቹ ነው። ሴቶቹ ዱቡሻ አይቀመጡም። ለእነሱ አንቺ ትነግሪያለሽ፣ እዚያው ድር ተራ።»

«እኔ? በአፌ?»

«ማክሰኞ ለገበያው ሁሉ ልታሰሚ አልነበር እንዴ?»

ተስፋዬ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ልናድል ያሰብነውን ኮንዶም ግን በአደባባይ አታድሉ አሉ። ድር ሲገዛ የሚያፍር ሰው የለም፤ ለጠየቀኝ ከድሩ ጋር በወረቀት ጠቅልዬ እሰጣለሁ አልኳቸው። «እኔ አላየሁም» አሉና ለቅዳሜ ድር አዘዙኝ። ደንበኛዬ ተመለሰ!

ዓርብ

የኮንዶሙን ካርቶን ከጤና ጣቢያ አመጣሁ። ሲስተር አልማዝ ፊት ተለማመድኩ። «ኮንዶም» የሚለው ቃል መጀመሪያ «ኮን…» ላይ ቆመ፣ ቀጥሎ በሹክሹክታ ወጣ፣ በመጨረሻ በጣም ጮኸ፤ ኮሪደር ላይ የነበሩት ታካሚዎች ሁሉ ዞሩ። «ይኸው፣ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግሽም» አለችኝ።

ወደ ማታ ዳዊት ከአውቶቡስ ወርዶ ቤት ገባ። አዲስ ጃኬት ለብሷል፣ ትከሻው ሰፍቷል። እራት በላን። ስለ ነጠላ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እጮኛው እናት አወራሁት። ስለ ዋናው ነገር አንድ ቃል አልወጣኝም።

«አክስቴ፣ ምን ሆነሻል? እንዲህ የምትለፈልፊው ዋጋ ስትደብቂ ነው» አለኝ። ያውቀኛል።

ነገ፦ በመጀመሪያው መኪና ጨንቻ። ተስፋዬ መናኸሪያ ይጠብቀናል። የጋሽ ማዳ ድር ለብቻው ታስሯል። ጆንያውን ዳዊት ይሸከማል፤ ከድሩ ሥር ያለው ካርቶን ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነም፣ በመንገዳችን ላይ ያለው ዶርዜ ሳንደርስ እነግረዋለሁ።