ሽማግሌ የማይላክበት ጉዳይ

ሰኞ

ስሜን ከበሩ ደወል ላይ ዛሬም ተነቅሎ አገኘሁት። ሦስተኛ ጊዜ ነው። ማን እንደሚነቅለው አውቃለሁ፤ አከራዬ ናቸው፤ ክፍሌን ለቱሪስት ማከራየት ይፈልጋሉ። በዚህ ሳምንት የሮም ማዘጋጃ ቤት ፖሊስ በእርግጥ እዚህ መኖሬን ሊያጣራ ይመጣል። ስሜን ደወሉ ላይ ካጣ ሬዚዴንሳ፣ የነዋሪነት ምዝገባ፣ አላገኝም። ያለ ሬዚዴንሳ ደግሞ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም።

ይህን ፈርቼ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ፣ በአገራችን ደንብ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ላክሁባቸው። ሽማግሌዎቹም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ልጅ ነው፣ ይቅር ይበሉት» አሏቸው።

«አሎራ፣ እንግዲያው ጥፋቱን አምኗል ማለት ነው! እስከ ወሩ መጨረሻ ይልቀቅ» ብለው አከራዬ መለሱላቸው።

ማክሰኞ

ተቀጥሬ የምጦራቸው አዛውንት ህንዳዊ ናቸው። በአገራቸው ሦስት ጊዜ ለክፍለ ሀገራቸው ምክር ቤት ተመርጠዋል። ሮም ያመጣቻቸው እዚህ የምትሠራው ልጃቸው ናት። የሰፈራችን የፒኜቶ ሰው «ኦኖሬቮሌ»፣ ክቡር የምክር ቤት አባል፣ ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጫማቸውን ሳስርላቸው ነገሬን ነገርኋቸው።

«ምን በድለኸው ነው ይቅርታ ያስለመንኸው?»

«ምንም።»

«ታዲያ በራስህ ላይ ፈረድህ!» አሉና እግራቸውን ከእጄ ነጠቁኝ። አንዱን ጫማ ራሳቸው አሰሩት፤ አበላሽተው አሰሩት።

ቀኑን ሙሉ አፈርሁ። ተናደድሁም።

ረቡዕ

ጋሼ የምክር ቤት ዘመናቸውን አጫወቱኝ። በየማለዳው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ባለጉዳይ ይቀበሉ ነበር። ለልመና እግራቸውን ሊነካ ያጎነበሰውን ሁሉ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመልሱታል።

«ሽማግሌም ቢሆን?» አልኋቸው።

«እሱን በተለይ!»

ፓርቲያቸው የውኃ ቧንቧ በባለርስቶቹ ሰፈር እንዲተከል ወሰነ። እሳቸው ግን በትውልዳቸው ተንቀው ከመንደሩ ጉድጓድ እንዳይቀዱ በተከለከሉት ሰዎች ሰፈር አስተከሉት። በሚቀጥለው ምርጫ ፓርቲው ጣላቸው። በግላቸው ተወዳደሩ፤ ወደቁ።

«የዚያ ሰፈር ሰዎችስ መረጡኝ መሰለህ? ግማሾቹ ድምፃቸውን ለሌላው ሰጡ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አልቆጨዎትም?»

«ለምን ይቆጨኛል? ውኃው መብታቸው እንጂ የእኔ ውለታ አልነበረም።»

ከዚያ ለማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ አስጻፉኝ። አራት ጊዜ ቀደዱት። እንደ እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ ሰው በጣልያንኛ ሲጽፍ ላብ በላብ ይሆናል።

ሐሙስ

አከራዬ በር ላይ ብቻዬን ቆምሁ። ሲከፍቱልኝ ቀድሜ ተናገርሁ።

«የተፈረመ ኮንትራት አለኝ። ስሜ እየተነቀለ መሆኑን ዛሬ ለማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ አመለክታለሁ።»

«እሑድ ሽማግሌ ልከህ ሐሙስ ትዝትብኛለህ?»

«እነሱን መላኬ ስሕተት ነበር። ይቅርታ የምጠይቀው ለእሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ሽማግሌዎቹን እንጂ እርስዎን አይደለም።»

በሩን ዘጉብኝ። ማመልከቻዬን አስገባሁ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በኪሴ አለ።

ዓርብ

ጠዋት ስሜ እንደገና ተነቅሏል። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከውጭው በር ሳልነቃነቅ ቆምሁ። ረፋድ ላይ ፖሊሱ መጣ፤ ደወሎቹን ሲያነብ ቀረብሁና ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነገርሁት። ክፍሌን፣ አልጋዬን፣ የተሰጣ ሸሚዜን አየ። ደወሉ ላይ የቀረውን የሙጫ ምልክትም አሳየሁት፤ እሱንም ጻፈው።

«መልሱ በደብዳቤ ይደርስሃል» ብሎ ሄደ።

ምን ብሎ እንደ ጻፈ አላውቅም። ደብዳቤው እስኪመጣ ፍርሃቱ አይለቀኝም። ነገር ግን ስወርድ አከራዬ ደረጃውን ሲወጡ ተገናኘን። ደረጃው ለሁለት ሰው አይበቃም። ሰላም አልኋቸውና ቆምሁ። እንደ ወትሮው ጥግ አልያዝሁም። እሳቸው ወደ ግድግዳው ተጠግተው አሳለፉኝ።