አክስቴ ያልጠራቻት ፀሐይ

ወዳጄ ምዙኪሲ፣

አክስቴ ኖምቡሶ ብቻዋን መኖር ትችል እንደሆነ ለማወቅ እዚህ ምታታ ከተማ አንድ ወጣት ሐኪም ሥዕል እያሳየ ፈተናት። ፀሐይን በእንግሊዝኛ ወዲያው ጠራች። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኮሳ ሲጠይቃት ግን እሱ ሰምቶት የማያውቅ ቃል ተናገረች።

«ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን የሚያኖረው በአንድ ጎተራ ነው፤ የእሳቸው የኮሳው በር ተዘግቷል። አረጋውያን ማቆያ ይግቡ» አለኝ። ኮሳ እናት የወለደችው ሊቅ!

«አንተ ልጅ፣ የአማቴን ስም ልታስጠራኝ ነው?» ብላ አክስቴ ጮኸችበት። የባሏ አባት ስም ላንጋ ነበር፤ በኮሳ ፀሐይ ማለት ነው። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አፏ ላይ ስለማታነሳ በዚያ ፋንታ ሌላ ቃል ትላለች። ለአንዲት ፀሐይ ሦስት ስም የምታውቅ ሴት ረሳች ተባለች!

«ሚስትህ አባትህን ምን ብላ ነው የምትጠራው?»

«በስሙ ነዋ፣ እማማ።»

«ታዲያ የረሳችው እሷ ናት! ላካትና ሳልሞት ላስተምራት።»

ሐኪሙ አፍሮ ብቻዋን መኖር ትችላለች ብሎ ፈረመ፤ ዛሬ በቤቷ ታድራለች። እናንተ ጆሃንስበርግ አማትን በስም ስለምትጠሩ ሁላችሁም ጤነኞች ናችሁ።

የወረቀቱ ቦታ አለቀ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ለባለቤትህ ለኖሉንድይ ሰላምታ። አባትህን ምን ብላ እንደምትጠራ ጠይቅልኝ ብላኛለች አክስቴ፤ እኔ ግን ወዳጅነታችንን ስለምፈልገው አልጠየቅኩም።

ልዋዚ