በእርግጫ የተጣመመው ወንበር

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዳሌሽ እንዴት ይዞሻል? አዲሱ ቤትሽ ደረጃ የለውም ማለትሽ እኔንም እፎይ አሰኝቶኛል፤ እዚህ እያለሽ ደረጃ በወረድሽ ቁጥር ጥርስሽን ነክሰሽ ምንም እንዳልሆነ ሰው ስትስቂ አንጀቴን ትበይው ነበር። የኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ወንበራችን ነው፤ እሱም ታሞ ሳይሆን ዕድሜውን ሲዋሽ ተይዞ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ወንድሜ፣ አንቺ ገና በልጅነቱ ሊቀመንበሩ ያልሽው፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ወንበሩን ሊወስደው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወንበሩ ለበኩር ወንድ ልጅ ነው የሚለውን የአያቴን የአባባን ቃል እንደ ሕግ አንቀጽ ይጠቅሰዋል። የጥብቅና ቢሮው መግቢያ ላይ ሊያስቀምጠው፣ ከሥሩም የተሠራበት ዓመት የተቀረጸባት የናስ ሰሌዳ ሊያስለጥፍለት ፈልጓል። ዓመቱን ግን ማን ያውቃል? አጣሪልኝ፣ የሚወዛወዘውንም እግር አስጠግኚና እሑድ መጥቼ እወስደዋለሁ አለኝ። ማን ጋ ልውሰደው ብዬ ስደውልልሽ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስጂ፣ ከዱቄት ወፍጮው ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው አናጢ ጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው አልሽኝ። እኔም የዋህ፣ አመስግኜሽ ስልኩን ዘጋሁ።

አናጢው ዕድሜያቸው ካንቺ ትንሽ ከፍ የሚል፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ወንበሩን ከመኪና አውርደን ደጃፋቸው ላይ ስናቆመው መላጊያቸውን እንደያዙ ቀሩ። የገረማቸው ጥንታዊነቱ መስሎኝ ታሪኩን አንድ በአንድ ዘረገፍኩላቸው፤ ዳኛ የነበሩት ቅድመ አያታችን ተቀምጠው ይፈርዱበት እንደነበር፣ አንድ የተፈረደበት ጉልበተኛ ተናዶ እግር የሚያርፍበትን የፊት አግዳሚ በእርግጫ ሲለው አንድ ጫፉ ከፍ ብሎ እንደተጣመመ፣ ከዚያ ወዲህ ለክብሩ ሲባል በቤታችን ማንም እንዳልተቀመጠበት። ሰሙኝና ሰውየው የመታው በቀኝ እግሩ ነው በግራው አሉኝ። እኔና ወንድሜ እስከ ዛሬ ያልተስማማነው በዚሁ ነው ስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ገለበጡት። አክስቴ፣ ያንን ወንበር ከሥሩ አይቼው አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ሆዱን እንኳ አላየሁትም። መቀመጫውን የያዙትን ብሎኖች አሳዩኝና፣ እነዚህ የፋብሪካ ናቸው፣ ገበያ ሲወጡ እኔ ሙያ ይዤ ነበር፣ ወንበሩ ከአርባ ዓመት ብዙም አያልፍም አሉ። ደሜ ፈላ። ሰው ቅድመ አያቱን በመኪና ጭኖ ወስዶ የአርባ ዓመት ጎረምሳ ነው ሲሉት ዝም ይላል? ደግመው ይዩልኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን ጣቴን ይዘው አግዳሚው ከወንበሩ እግር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። በእርግጫ ቢሆን እንጨቱ ይሰነጠቅ ነበር፣ ቀዳዳውም ይላቀቅ ነበር አሉኝ። እውነትም ክፍተት የለውም፤ ጥፍር አያስገባም። ቀዳዳው ከመጀመሪያው በመሮ በሰያፍ ተፈልፍሎ፣ እንጨቱ ሆን ተብሎ በተቀማጩ ግራ በኩል ከፍ እንዲል ነው የገባው። ይሄ መጣመም አይደለም ልጄ፣ ይሄ የታሰበበት ነው አሉኝ።

ቀጥለው ተቀመጪ አሉኝ። እኔ! ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ግን አባባ ከሳንቃው ክምር ኋላ ብቅ የሚል ይመስል ዙሪያዬን ቃኘሁ። ተቀመጥኩ። ቀኝ እግሬ ደህና አረፈ፣ ግራ ጉልበቴ ግን ወደ ላይ ተገፍቶ ወጣ፤ ቢሮ ውስጥ ቢሆን አንድ ሰዓት አልችለውም። አየሽ፣ ያንቺ ወንበር አይደለም አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአግዳሚውን ግራ ጫፍ አሳዩኝ። የእጅ መደገፊያው፣ መቀመጫው፣ ሁሉም ቫርኒሹ እንዳለ ነው፤ እዚያች ከፍ ያለችው ቦታ ላይ ብቻ ለአንድ ትንሽ እግር የሚበቃ ያህል ተበልቶ ለስልሷል። ማንም አልተቀመጠበትም አልሽኝ? አንድ ሰውማ ብዙ ዓመት ተቀምጦበታል፣ ጫማውን እያወለቀ፣ አሉ። ይህን ሲሉ ወደ እኔ አልነበረም የሚያዩት።

እኔም በቤታችን ግራ እግሩ አጠር የሚል ማን ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ ደግሞ ምኑ ይታሰባል! ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሩን የምትወለውይው አንቺ ብቻ ነበርሽ። የቫርኒሹ ሽታ ራስ ያሳምማችኋል ብለሽ የሳሎኑን በር ትዘጊብናለሽ። አንድ ወንበር ለመወልወል ያን ያህል ሰዓት ለምን እንደሚፈጅ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን ልጠይቅሽ፤ ምን ታስቢ ነበር እዚያ ተቀምጠሽ?

ከዚያ በኋላማ ጥያቄዬ ማብቂያ አጣ። አናጢውም መላጊያቸውን አስቀምጠው ነገሩኝ። የሠራው ልጅ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር አሉ። አንዲት ልጅ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግራ እግሯ መሬት ስለማይደርስ ሁልጊዜ ከሥሩ መጽሐፍ ታደርግ ነበር፤ ያ ልጅ መጽሐፉን ለካ፣ ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ያንን ወንበር ሠራ። ለልጅቷ አባት ወስዶ የመጣበትን ነገር ተናገረ። አባትየው ወንበሩን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ እጃቸውን አሳረፉበት፣ ከዚያ ወንበሩ ይቀመጥ፣ አንተ ሂድ አሉት። የመጽሐፉ ውፍረት ሦስት ሴንቲ ከግማሽ ነበር አሉኝ። ሜትራቸው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አልነኩትም። እኔ አውርጄ የአግዳሚው ግራ ጫፍ ከቀኙ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለካሁ። ሦስት ሴንቲ ከግማሽ ነው።

የልጁን ስም አልጠየቅኳቸውም። የሚጠየቅ አልመሰለኝም።

አባባን እወደው እንደነበር ታውቂያለሽ፣ አሁንም እወደዋለሁ፤ ግን በዚያ ቀን ከመቃብሩ ቢነሳ ኖሮ ጉዱ ይፈላ ነበር። ሰውየውን ገፍቶ ሥራውን ማስቀረቱ አንሶ፣ እንግዳ ከየት አመጣኸው ሲለው ቅድመ አያት ፈጠረለት። አባቴም ያኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበር ለእረፍት ሲመጣ ወንበሩን ሳሎን አገኘው፣ የተነገረውን አመነ፣ ለእኛም አወረሰን። አባባስ እሺ፣ አንቺስ? እኔና ወንድሜ ስለ እርግጫው ለእንግዳ ስናወራ ጉልበተኛውን ባለ ረጅም ፂም ያደረግሽው አንቺ አይደለሽም? እንዴት አስቻለሽ? ተቆጥቼ አይደለም፤ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሩን ሰማያዊ የቀባሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው ብለውኛል። አንቺ ያንን ሰፈር ከረገጥኩ ሃያ ዓመት ሆኖኛል ትይኝ አልነበር?

ለወንድሜ ስለ ብሎኑና ስለ አግዳሚው፣ አግዳሚው ለማን እግር እንደተሠራም ነገርኩት፤ ሌላውን ለራሴ አስቀርቻለሁ። ዓመቱን ትተን ሰሌዳዋ ላይ ጥንታዊ ብቻ ብንል ምን ይለናል አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ጠበቃ ነውና በዚያ አላቆመም። የአክስቴ ከሆነ ራሷ የኔ ነው ትበል፣ አንድ ቀን ብላ አታውቅም፣ አሁንም ካላለች እወስደዋለሁ አለ። ልክ ነው፣ ብለሽ አታውቂም። ባለፈው በስልክ እንኳ ለልጁ ይሁንለት ነው ያልሽው፤ ድምፅሽ ግን የሰጪ ሰው ድምፅ አልነበረም። እኔ ስላንቺ ሆኜ የሷ ነው ብዬ መከራከር እችላለሁ። ግን በሰው አፍ ስንት ዓመት ተኖረ።

አናጢው የሚወዛወዘውን እግር አጥብቀውታል። አግዳሚውን ግን አልነካም ብለዋል። የተሠራው ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ እስከዚህ ዕድሜ ዳሌም ይወርዳል፣ ጉልበትም ይለወጣል፣ እንደገና መለካት አለበት አሉኝ። ልኩን ጠይቄ ላምጣልዎ ስላቸው፣ በስልክ የመጣ ልክ አልቆርጥም አሉ። ይህን ሲሉ ሸሚዛቸውን እያራገፉ ነበር፤ አቧራ ግን አልነበረበትም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ያመጣልሽ ሰው አሁን፣ አንቺ ይህን ስታነቢ፣ በርሽ ላይ ቆሟል። ወንበሩ መኪናው ላይ ነው። የኔ አይደለም ካልሽ ሾፌሩ በዚያው ወደ ወንድሜ ቢሮ ይቀጥላል፣ ማንም አይቀየምሽም፣ እኔም ነገሩን ዳግም አላነሳብሽም። ያኔ የወሰነው አባባ ነው። ዛሬ ወንበሩን ማስቀረትም፣ ሰውየውን ማስቀረትም፣ ሁለቱንም መመለስም ያንቺ ነው።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን የሳቅ ቤት ያድርግልሽ፣ የምትወጂው ሁሉ በጤና ያግኝሽ። ደብዳቤው እንዲህ መርዘሙን አሁን ነው ያየሁት። በርሽ ላይ የቆሙት ሰውም የአርባ ዓመት ልጅ አይደሉምና፣ ብዙ አታቁሚያቸው።

ናፋቂሽ፣
የወንድምሽ ልጅ